ሐይቁን ስንጨርስ

ቅዳሜ፣ ጥር 18 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር

ለግራኟ ልጄ፣

ከሰላምታውም ከጤናውም በፊት መልሱን ልስጥሽ። አዎ፣ እመጣለሁ። በሰርግሽ ቀን እናትሽ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ እኔ እቀመጣለሁ። ያንን ጥቁር ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ፣ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ፣ ደስ ብሎኝ እቀመጣለሁ። በይ አሁን እፎይ በዪና የቀረውን በዝግታ አንብቢው።

ያን ዕለት ስትደውዪልኝ "ድስቱ ገነፈለብኝ" ብዬ የዘጋሁብሽ ነገር ሲያሳፍረኝ ሰነበተ። እሳት ላይ የተጣደ ነገር አልነበረም። አንቺም ሳታውቂው አልቀረሽም፤ ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር ስለ አየሩ ሁኔታ ብቻ ሳወራሽ እህ እያልሽ ሰማሽኝ፣ አንድም ቀን አልተጫንሽኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ስልክ ቤት ተቀምጬ የሰው ድምፅ ሳገናኝ የኖርኩ ሴት፣ የራሴ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ እንዳይሰማብኝ ፈርቼ ነው። "እናቴ የለችም፤ ከእርስዎ በቀር ማንን ልጠይቅ እማማ?" ስትዪኝ አንዱ ልቤ "ታድለሽ!" አለኝ። ሌላው ልቤ ደግሞ "የልጅሽን ሚስት ለሌላ ሰው ልትድሪ?" አለኝ። ሁለቱ እስኪስማሙልኝ ጊዜ ፈለግሁ። አሁን ተስማምተዋል። እንዴት እንደተስማሙ ነው የምጽፍልሽ።

እኛ ደህና ነን። እግሬ ብርድ ሲሆን "አለሁ" ይለኛል እንጂ ደረጃውን ማንንም ሳልደገፍ እወጣለሁ። ፊውዝም ደህና ነው። ያወጣሽለት ስም ሥር ሰዶ ቀርቷል፤ ሰፈሩም አለቃውም ፊውዝ ነው የሚሉት፣ እኔም እናቱ ሆኜ በዓለም ስሙ ስጠራው ዘወር ማለት ትቷል። ያንን የሩቅ አገር የመስመር ዝርጋታ ሥራ ትቶ እዚሁ የሆስፒታሉን ኤሌክትሪክ ከሚጠግኑት ጋር ገብቷል። ሲመሽ ቤቱ ይገባል፣ ራቱን ይበላል፣ ይባስ ብሎ ያወራል። "ያኔ እንዲህ ቢሆን ኖሮ" እንዳትዪ ብቻ። እኔ ስለ ሁለታችንም ብዬዋለሁ፣ ይበቃል።

አሁን ወደ ሐይቁ ልምጣ።

እግሬ ተሰብሮ ከወንበር መነሳት ባቃተኝ ጊዜ ከመድኃኒት ቤቱ ስትመለሺ በብብትሽ ይዘሽልኝ የመጣሽው ጥልፍ ነዋ! እንደ ወንፊት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሸራ፣ ሥዕሉ የታተመበት፤ በግራ ቀይ ጣሪያ ያላት ቤትና ዛፎቹ፣ በቀኝ ውሃውና ጀልባዋ፣ መሃል ላይ ሣር ያለበት የሐይቁ ዳርቻና ዳክዬዎቹ። "እማማ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በሱፍ ክር መሙላት ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም" ብለሽ አሞኘሽኝ። የገበታ ጨርቅ የሚያህል ነገር መሆኑን ያየሁት ፊውዝ የእንጨት መወጠሪያውን ሠርቶ ሲያቆመው ነው። አንቺ ከግራ ተቀመጥሽ፣ እኔ ከቀኝ። መሃል ላይ እንገናኛለን ተባባልን።

እውነቱን ልንገርሽ አይደል? እስከዚያ ድረስ አንቺ ለእኔ የልጄ ሚስት ነበርሽ፤ ጥሩ ልጅ፣ ትሁት ልጅ፣ ግን የልጄ ሚስት። ጥልፉ ላይ ነው የተዋወቅነው። መርፌ ሲወጋሽ ከመጮህ ይልቅ የምትስቂ መሆንሽን፣ ክር ስትቆርጪ ምላስሽን በከንፈርሽ ጥግ የምታወጪ መሆንሽን፣ የመድኃኒት ቤቱን ደንበኞች ድምፅ አንድ በአንድ አስመስለሽ መናገር የምትችዪ መሆንሽን ያወቅሁት እዚያ ነው። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። ለእናቴ ያልነገርኳትን ላንቺ ነገርኩሽ።

ስትለያዩ ጩኸት አልነበረም፤ ሰሃን አልተሰበረም። እሱ ከሩቅ ሥራው ሲመጣ ዝም፣ አንቺም እሱ ዝም ሲል ዝም፤ በኋላ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ ተነጋገራችሁና ይብቃን አላችሁ። እኔ እናቱ ነኝ፤ በዚያ ነገር ምስክር አልሆንም። የሄድሽ ዕለት ግን ልብስሽንም መጻሕፍትሽንም ስትይዢ መርፌሽን ሸራው ላይ እንደተሰካ ተውሽው። እኔም ሸራውን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሸጎጥኩት። አንቺም ባሕር ተሻገርሽ፣ እኔም ለብቻዬ ትናንሹን መጥለፍ ያዝኩ። ትራስ ጨረስኩ፣ የመነጽር ቤት ጨረስኩ፣ የወንበር ልብስ ጨረስኩ፣ የደጃፍ መጋረጃ ጨረስኩ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን አንድ ቀን ዙሪያዋን አየችና "አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ቤት ውስጥ ሳይጠለፍ የቀረው ድመትሽ ብቻ ነው" አለችኝ።

ስልኩን በዘጋሁብሽ ማግሥት ሐይቁን ከተሸጎጠበት ጎትቼ አወጣሁት። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። መቀስም ይዤ ነበር። "ሸራው ጥሩ ነው፤ ክሩን ተርትሬ ሌላ ነገር ልሥራበት" አልኩ ለራሴ። ማንን እንደማታልል እንጃ። መቀሱን ከቤቷ ጣሪያ ላይ፣ ካንቺ በኩል፣ ሳሳርፍ ጎረቤታችን ሳታንኳኳ ገባች። ታውቂያታለሽ፣ በር የሚሠራው ለሌላ ሰው ነው ባይ ናት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ልተረትረው ነው።"

"ይሄን? ይሄን የመሰለ ሥራ? አብደሻል እንዴ! ሰው የተሰፋ ልብስ ይተረትራል እንጂ የተሰፋ ዛፍ ይተረትራል?" ብላ መቀሱን ከእጄ ቀምታ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። "ከማን ጋር ነው የተጣላሽው?"

"ከማንም።"

"እንግዲያው ጨርሺው። ያላለቀ ሥራ ነው እንዲህ የሚያነጫንጭሽ" አለችና መቀሱን ይዛብኝ ሄደች። እስካሁንም አልመለሰችልኝም።

እኔም ሌላ ምርጫ በማጣት መርፌዬን አነሳሁ። ውሃዬ ወደ ዳርቻው ሊደርስ ትንሽ ነበር የቀረው። ሲመሽ ፊውዝ ገባና በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። የመሣሪያ ቦርሳውን እንኳ ከትከሻው አላወረደም። እኔም ቀና ሳልል፣ "ልታገባ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "ነግራኛለች።"

"መቼ?"

"ካንቺ በፊት። እንዲያውም ከእማማ በፊት ላንተ ልነግርህ ይገባል ብላ ነው የደወለችው። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት።" ቦርሳውን አስቀመጠ። "ራት ምንድን ነው?"

ያኔ ነው የተናደድኩት! እኔ ስንት ቀን ሙሉ እሱ እንዳይጎዳ ብዬ ነገሩን አፍኜ ስዞር፣ እሱ ሰምቶ፣ መርቆ፣ ራት ይጠይቀኛል። ግን እንድቀመጥልሽ መጠየቅሽን አልነገርኩትም። እሱን ዋጥኩት።

ከዚያ አንድ እሑድ ከሰዓት ዝናቡ ያለወቅቱ እንደ ጉድ ወረደና መብራት ጠፋ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቤት ውስጥ መብራት ሲጠፋ ማየት እንዴት እንደሚያስቅ! ቴሌቪዥኑ ዝም፣ ሬዲዮኑ ዝም፣ እሱ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ ይመላለሳል። መጨረሻ ላይ መጣና በግራ በኩል ካለው ወንበር ላይ፣ ካንቺ ወንበር ላይ፣ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ከሄድሽ ወዲህ ያንን ወንበር ሲያልፈው እንጂ ሲቀመጥበት አይቼው አላውቅም።

"ስጪኝ እስቲ መርፌ" አለኝ።

"አንተ?"

"ቀኑን ሙሉ ሽቦ በቀዳዳ ሳሾልክ ነው የምውለው፤ ክር ያቅተኛል?"

አንቺ ሰክተሽው የሄድሽውን መርፌ ነቅሎ ክር አስገባለት። በመጀመሪያው ሙከራ አስገባው፤ እኔ ግን መነጽር አድርጌም ሦስቴ እስታለሁ። ከዚያ ሸራው ላይ አፍንጫውን ደቅኖ ስፌቱን አንድ በአንድ ያይ ጀመር። ቆይቶ፣ "እማዬ፣ የእሷ ስፌት ወዲያ ነው የሚያጋድለው። ያንቺ ወዲህ" አለኝ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ነይ እይው።"

ዞሬ ሄጄ አየሁት። እውነቱን ነው! እኔ መርፌዬን ከታች በግራ አውጥቼ ከላይ በቀኝ ነው የምከተው፤ አንቺ ግራኝ ስለሆንሽ ተቃራኒውን ስትሠሪ ኖረሻል። የእኔ ውሃ በሙሉ ወደ አንድ በኩል ዘንበል ብሏል፣ ያንቺ ዛፎች ደግሞ ወደ ሌላ በኩል። ያን ያህል ጊዜ አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠን፣ አንዳችን የሌላችንን ሥራ ስናደንቅ ከርመን፣ ማናችንም አላየነውም። ወሬው ነው ዓይናችንን የያዘው።

"የትኛውን ልከተል?" አለኝ።

"ትክክሉማ የእኔ ነው" አልኩት። ምን ላድርግ፣ ያው አማት ነኝ።

"አይ" አለ፣ "ከእሷ ጫፍ ነው የምቀጥለው። እንደ እሷ ካላጋደልኩት ሣሯ መሃል ላይ ይቆረጣል።" እንዲህ ብሎ በቀኝ እጁ ያንቺን የግራ እጅ ስፌት ለማስመሰል መከራውን ሲያይ ዋለ። አንዷን ይሰፋል፣ ይፈታል፣ ጎንበስ ብሎ ያንቺን ያያል፣ እንደገና ይሰፋል። እኔ ወደ ወንበሬ ተመልሼ ውሃዬን ቀጠልኩ። ያየሁትን አየሁ።

መብራቱ ከመጣ በኋላም አልተነሳም።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲመለስ እጁን ይታጠብና "እስቲ ሐይቁን" ይላል። ይሄ የቀን ሠራተኛ የሚመስል ሰውዬ፣ ጣቱ በሽቦ የተላላጠ ልጄ፣ ሣር ይሰፋል። አረንጓዴው ክር መሃል ላይ አለቀብንና ቁራጩን ይዞ ከተማውን አዳረሰ። የክር ሻጭዋ "ማቅለሚያው በየጊዜው ስለሚለያይ ልክ ይሄንኑ አያገኙም" ስትለው፣ "ሣር ሁሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ የሆነበት አገር አለ እንዴ?" ብሏት ጠቆር ያለውን ገዝቶ መጣ። እውነትም የዛፍ ጥላ ያረፈበት መሰለ። ዳክዬዎቹን ስንከፋፈል አንዷን ለራሱ ወሰደ። ስታልቅ ግን ዳክዬ አልሆነችም፤ ቁልጭ ያለች ጫማ ሆናለች። ማሰሪያ ብቻ ነው የቀራት። ልፈታለት ስል እጄን ያዘኝ። "ተያት፣ እሷም ትዋኝ" አለ።

ያልኩሽ ነገር እውነት ነው፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። አንድ ቀን ዓይኑን ከሸራው ሳያነሳ፣ "ያኔ ዝም እል የነበረው ደክሞኝ አልነበረም፣ እማዬ። ምን ማለት እንዳለብኝ ስለማላውቅ ነው" አለኝ።

"ይሄ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሷ ነው መንገር።"

"ነግሬያታለሁ። የደወለች ቀን ነገርኳት። እሷም የራሷን ነገረችኝ።" አንድ መርፌ ሰፋ። "ይቅር ተባባልን። ይቅር መባባል ግን ተመለሺ ማለት አይደለም። እንዳትጀምሪኝ።"

"ምን አልኩ?"

"ልትዪ ነበር።"

ልል ነበር። እግዜር ያሳይሽ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። መልሼ ዋጥኩትና በምትኩ የደበቅሁትን አወጣሁ። "በእናቷ ቦታ እንድቀመጥላት ጠይቃኛለች" አልኩት።

መርፌው ሸራው መሃል ቆመ። ቀስ ብሎ ቀና አለ። "ታዲያ ምን አልሻት?"

"ድስት ገነፈለብኝ አልኳት።"

ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ሳቀ! ሆዱን ይዞ፣ ወንበሩን እያንቀጫቀጨ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ጣቱን መርፌ ወጋው፣ እየመጠጠ ሳቀ። ጎረቤታችን በግድግዳው በኩል "ምን ተገኘ?" ብላ እስክትጮህ ድረስ ሳቀ። ከዚያ ሲያበቃለት ፊቱን በክንዱ ጠረገና እንዲህ አለኝ፦ "እማዬ፣ የተፋታሁት እኔ ነኝ። አንቺ አልተፋታሽም።"

ይሄው ነው። ሌላ ምክር አልሰጠኝም። ሁለቱ ልቦቼ ሲጨቃጨቁበት የሰነበቱትን ነገር እሱ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰልኝ። ተነስቼ እውነተኛ ድስት ጣድኩ፤ እጄን አንድ ነገር ማስያዝ ነበረብኝ።

የመጨረሻዋን ቀዳዳ ለእኔ ተወልኝ። "ሥራ አለኝ" ብሎ ሲወጣ ነው ያወቅሁት፤ እሑድ ጠዋት ምን ሥራ አለው? ብቻዬን ተቀምጬ ሞላኋት፣ ክሩን ከጀርባ በኩል አሾልኬ ቆረጥኩት። ከጥርሴ ሌላ መቀስ የለኝም፣ ጎረቤታችን ወስዳዋለች። ከዚያ መዳፌን ከዳር እስከ ዳር አሳለፍኩበት። በሱፍ ክር የተሞላ ሸራ ሲዳሰስ የበግ ጠቦት ጀርባ ነው የሚመስለው። አንድ ነገር ሲያልቅ ይከፋኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልከፋኝም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ አየሁት። ከጠዋቱ ፀሐይ ጋር ያንቺ ወገን ሲያበራ የእኔ ይጨልማል፤ ከሰዓት በኋላ የእኔ ሲያበራ ያንቺ ይጨልማል። ስፌቶቻችን ወዲያና ወዲህ ስለሚያጋድሉ ብርሃኑን ተራ በተራ ነው የሚይዙት።

ሸራው በስፌቱ ተጎትቶ ተንሻፎ ስለነበር የሥዕል ፍሬም የሚሠራው ሰውዬ ዘንድ ወሰድነው። አርጥቦ፣ ጣውላ ላይ ወጥሮ፣ ዳር ዳሩን በሚስማር ይዞ እስኪደርቅ አስተኛው። ሲያስረክበን ግን ራሱን ነቀነቀ። "እናቴ፣ አይቆጡኝና ግማሹ ተገልብጦ ነው የተሠራው። አንዱን ወገን ፈትተው ቢያስተካክሉት ኖሮ..."

"የትኛውን ወገን?" አለው ፊውዝ።

ሰውዬው ፊቱን አየና "ይሁን፣ እንዲሁም ያምራል" አለ። ብልህ ነው።

ፍሬም አላስገባንለትም፤ እንዲህ ተጠቅልሎ በካርቶን ቱቦ ውስጥ ይጓዛል። ይዤልሽ የምመጣው እሱን ነው። እኔ እዚሁ ልሰቅለው ነበር ያሰብኩት፣ ቦታም መርጬለት ነበር። ፊውዝ ነው እንቢ ያለው። "የገዛችው እሷ፣ የጀመረችው እሷ። የእሷ ነው" አለ። "ከሌላ ሰው ጋር በምትኖርበት ቤት?" ብለው፣ "ታዲያ ግድግዳው ምን አጠፋ?" አለኝ። ፍሬሙን እዚያው አሠሪው። ያ የጥርስ ሐኪም እጮኛሽ ሚስማር መምታት ይችል እንደሆነ እንጃ፤ መንቀል ግን እንደሚችል አልጠራጠርም። ሰላም በዪልኝ። ስልክ ላይ የሰማሁት ጊዜ ረጋ ያለ ሰው መስሎኛል። "ልጅዎ" እያለ ስላንቺ ሲያወራኝ አላረምኩትም።

ከፍሬም ሠሪው ወጥተን ቀጥታ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ሄድን። ሰልፉ እስከ በሩ ነው። ቱቦውን ፊውዝ እንደ ሕፃን አቅፎታል። ተራችን ሲደርስ ትኬት ቆራጭዋ፣ ፈገግታዋ የሚያምር ልጅ፣ "ለጉብኝት ነው እማማ?" አለችኝ።

"ለልጄ ሰርግ ነው" አልኳት። ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው።

"ውይ፣ እንኳን ደስ አለዎት!" አለችና ወደ ፊውዝ ዞረች። "የእህትህ ሰርግ ነዋ! አንተስ አትሄድም?"

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ። እሱ ግን ቱቦውን ባንኮኒው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና፣ "የእኔን ድርሻ እናቴ ትወስድልኛለች" አላት።

ስንወጣ እኛ ውስጥ ሳለን የጣለው ዝናብ አባርቶ መንገዱ ውሃ በውሃ ሆኗል። ጥቂት እንደሄድን፣ "እህቴ አይደለችም ማለት ነበረብህ እኮ" አልኩት።

"ከየት ልጀምርላት እማዬ? ሰልፉን አላየሽውም?"

ሁለታችንም ሳቅን። መሻገሪያው ጋ ስንደርስ፣ መኪናዎቹ እስኪያልፉ ቆመን ሳለ፣ ወደ እኔ ሳያይ ጠየቀኝ። "ደስተኛ ናት አይደል?"

"ደስተኛ ናት" አልኩት።

"ጥሩ" አለ። ቱቦውን ወደ ሌላኛው ብብቱ አዛውሮ እጄን ያዘና አሻገረኝ።

ልጄ፣ የምትገቢበት ቤት ሳቅ አይለየው። ዝም የምትባባሉበት ቀን ቢመጣ እንኳ ዝምታው የእረፍት ይሁንላችሁ። እናትሽ ካለችበት ሆና ትይሽ፣ ታይልሽም። ፈጣሪ መንገዱን አቅንቶ፣ እግሬን አጽንቶ ለዚያ ቀን ያብቃኝ። ቀሚሴ ጥቁር ሰማያዊ ነው ብያለሁ፤ ከአበባው ጋር ካልሄደ ቀድመሽ ንገሪኝ፣ ቀሚስ ሰፊ ከግድግዳው ወዲያ አለችኝ።

የሁለታችሁም እናት